ሦስት ባንድ በሦስት ዶላር

ዋሽንግተን ዲሲ ኤፍ ጎዳና ላይ፣ ሊንከን ከተገደለበት ከፎርድ ቲያትር ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ የቤት ቁጥሩ 930 የሆነ አሮጌ ሕንፃ ነበር። በ1980 ግንቦት መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ምድር ቤቱ ላይ አንድ ክለብ ተከፈተ፤ ስሙንም ከቤት ቁጥሩ ወስዶ ናይን ሰርቲ ተባለ። የሚይዘው 199 ሰው ብቻ ነበር። እነሱም ቢሆኑ ሁሉም በደንብ አያዩም ነበር፤ አዳራሹ መሀል የቆመ ምሰሶ መድረኩን ስለሚከልል ዘግይቶ የገባ ሰው ዘፋኙን ሳይሆን ምሰሶውን ሲያይ ያመሽ ነበር።

በመክፈቻው ምሽት ከኒው ዮርክ የመጡት ላውንጅ ሊዛርድስና የከተማዋ ልጆች ታይኒ ዴስክ ዩኒት መድረኩን ተጋሩ። ከታይኒ ዴስክ ዩኒት አባላት አንዱ የነበረው ቦብ ቦይለን ከብዙ ዓመት በኋላ በሚሠራበት ሬዲዮ ጣቢያ ጠረጴዛው ዙሪያ ሙዚቀኞችን ማጫወት ሲጀምር፣ ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን የ«ታይኒ ዴስክ» ስም ያወጣለት ከዚያ ባንድ ነው።

ምሽትን መጋራት የደግነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሒሳብም ነው። ስም የሌለው ባንድ ብቻውን ሠላሳ ሰው ይጠራል፤ ጓደኞቹን፣ የጓደኞቹን ጓደኞች፣ ምናልባት አንድ እህት። ሦስት ባንዶች ሲደመሩ ግን ቤቱ ይሞላል፤ የአንዱ ሰው የሌላውን ሙዚቃ ይሰማል። ናይን ሰርቲም ይህን ስለገባው ሦስት ባንድ በሦስት ዶላር የሚያስገባባቸው ምሽቶች ነበሩት። በዚያ ዋጋ ማንም ሰው የማያውቀውን ለመሞከር አይሳሳም።

የሥራው አካሄድ ለውጭ ሰው ግራ ያጋባል። ማታ መጨረሻ ላይ የሚጫወተው ዋናው ባንድ ቀን ላይ ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ሙከራ) የሚያደርገው መጀመሪያ ነው። ቀጥሎ መካከለኛው፤ መክፈቻው ባንድ መጨረሻ ላይ ይመጣና ዕቃውን እዚያው መድረኩ ላይ ትቶ ይወርዳል፤ ማታ በር ሲከፈት ቀድሞ የሚጫወተው እሱ ነውና። ችግሩ ዋናው ባንድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ድራሙን ሲያስተካክል ነው። ያን ጊዜ መክፈቻው ባንድ ሳይሞክር ይወጣል፤ የመጀመሪያው ዘፈኑ ሳውንድ ቼኩ ይሆናል። ብዙ ጊዜም አንድ ድራም፣ አንድ የቤዝ አምፕሊፋየር ለሦስቱም ይበቃል፤ ድራመሮቹ የየራሳቸውን ስኔርና ሲምባል ብቻ ይዘው ይመጣሉ።

መጋራት ሲባል ግን ባድ ብሬይንስ የተባለውን ባንድ ታሪክ የሚስተካከለው የለም። አባላቱ አራቱም ጥቁር ወጣቶች ነበሩ፤ በጃዝ ፊውዥን ጀምረው ወደ ፐንክ የገቡ፣ ፍጥነታቸው እኩዮቻቸውን ያስደነገጠ። መሣሪያቸው ተሰርቆ ባዶ እጃቸውን በቀሩ ጊዜ ቲን አይድልስ የተባለ ባንድ የነበራቸው ነጭ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ምድር ቤታቸውንም መሣሪያቸውንም ከፈቱላቸው። ልጆቹ ዕቃ አበድረው ትምህርት ወሰዱ ማለት ይቻላል፤ እነዚያን ሰዎች በቅርብ ያየ ድራመር እንደ ድሮው ቀስ ብሎ ሊመታ አይችልም።

ለእኛ ሌላም ነገር አለው። ባድ ብሬይንስ ራስተፈሪያን ሆኑ፤ በ1982 በካሴት ያወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው ሽፋን ላይ መብረቅ የአሜሪካን ምክር ቤት ሲመታ በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ተስሏል። ንጉሠ ነገሥቱን ያወረደውን ደርግ ሸሽተው የወጡ ኢትዮጵያውያን በእነዚያው ዓመታት አዳምስ ሞርጋን ሰፈር 18ኛው ጎዳና ላይ ምግብ ቤት እየከፈቱ ነበር፤ የዲሲ ፐንክም ከቀደምት መድረኮቹ አንዱ እዚያው ጎዳና ላይ ነበር። አንዱ ወገን ጃንሆይን እያሰበ ይጮሃል፤ ሌላው ያለፈበትን እያሰበ ሽሮ ያማስላል። የሁለቱ ወገን ሰዎች ተነጋግረው ይሆን? እኔ እንጃ፤ ቢነጋገሩ ግን ብዙ የሚያስተዛዝብ ነገር ይወጣ ነበር።

ቲን አይድልስ የመጨረሻ ዝግጅታቸውን ያቀረቡት ኅዳር 1980 ናይን ሰርቲ ውስጥ፣ ኤስቪቲ ለተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ባንድ መክፈቻ ሆነው ነው። ለመጠጥ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች መግባት እንዲችሉ እጃቸው ጀርባ ላይ በጥቁር ማርከር ትልቅ «ኤክስ» ተሰመረ፤ ካሊፎርኒያ አይተው ያመጡት ዘዴ ነው። ቡና ቤቱም ያንን እጅ ሲያይ ቢራ አይሸጥም ነበር። ከዚያች ምሽት የተረፈውን እንቁጠር ካልን፦ ኤክሱ በዓለም ዙሪያ የማይጠጡ ወጣቶች ምልክት ሆነ፤ ባንዱ ያጠራቀማት 600 ዶላር ገደማ ዲስኮርድ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ መነሻ ሆነች፤ ቤዚስቱ ኢያን ማካይ ማይነር ትሬት፣ ኋላም ፉጋዚ የተባሉትን ባንዶች መሠረተ። የምሽቱን ዋና ባንድ ግን ዛሬ የሚያነሳው ሰው በጣት ይቆጠራል።

ፉጋዚ ከ1987 ጀምሮ መግቢያውን አምስት ዶላር አካባቢ፣ በሩንም ለሁሉም ዕድሜ ክፍት አድርጎ ኖረ። ሰው የሚገፋና የሚደበድብ ታዳሚ ካለ ዘፈኑን ያቆሙ ነበር፤ ልጁን ወደ ውጭ ይወስዱትና በፖስታ ያዘጋጇትን አምስት ዶላር መልሰው ያሰናብቱት ነበር። ፖስታውን ቀድመው ማዘጋጀታቸው ነው የሚገርመኝ።

አዲስ አበባም በዚያው ዘመን የራሷ የሌሊት ሥርዓት ነበራት፤ ግን የተገላቢጦሽ ነው። እኛ ጋ አንድ ባንድ አንድ ሆቴል ይይዝ ነበር፤ ዘፋኞች እየተፈራረቁ በእሱ አጃቢነት ይዘፍኑ ነበር። ዋልያስ ባንድ በሂልተን ለዓመታት የኖረው እንዲህ ነው፤ ሰዓት እላፊ ሲታወጅም ታዳሚው ተቆልፎበት እስኪነጋ ይደንስ ነበር። ይህ አሠራር ሙዚቀኛውን ደመወዝተኛ አድርጎ ጥርት ያለ ተጫዋች ፈጥሯል፤ የራሱን ዘፈን ይዞ ለሚመጣ የጀማሪዎች ቡድን ግን ቦታ አልነበረውም። ዋልያስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ተጉዞ ሲበተን የባንዱ አባል ኃይሉ መርጊያ ዲሲ ቀረ፤ ዓለም መልሶ ያገኘውም የደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ ነው።

ናይን ሰርቲ በ1996 መጀመሪያ 1,200 ሰው ወደሚይዝ ቪ ጎዳና ላይ ወዳለ አዳራሽ ተዛወረ። ሰፈሩ በ1968 ሁከት ተቃጥሎ ገና ያላገገመ፣ ኪራዩ ርካሽ ነበር። በዚያው ምክንያት ከአዳምስ ሞርጋን የተገፉ ሐበሾችም 9ኛው ጎዳናና ዩ ጎዳና ዙሪያ ሰፈሩ። ዛሬ ከኮንሰርት የወጣ ወጣት ክትፎ ቤት ለመድረስ ብዙ መሄድ የለበትም። አሁን ግን ኪራዩ ርካሽ አይደለም።

ክለቡ የጥንቱን ምድር ቤት አስመስሎ ከአዲሱ ጎን ሠራና በ2023 አትላንቲስ ብሎ ከፈተው፤ 450 ሰው ይይዛል። የመጀመሪያዎቹ ዝግጅቶች መግቢያ 44 ዶላር ነበር። ለታዋቂዎቹ ርካሽ ነው፤ የመጀመሪያው ምሽት ፉ ፋይተርስ ነበሩና። ማንነቱ ያልታወቀ ባንድ ለመሞከር ግን 44 ዶላር የሚያወጣ ተማሪ አላውቅም።

የሦስቱ ባንድ ልማድ የተረፈው ሌላ ቦታ ነው። በከተማዋ ከፍተኛ ስፍራ ላይ ባለው ፎርት ሬኖ ሜዳ ከ1968 ጀምሮ በበጋ ምሽት የአካባቢው ባንዶች በነፃ ይጫወታሉ፤ ፉጋዚም ደጋግሞ ተጫውቶበታል። መጠጥ የለም፤ ልጅ ያዘለ፣ ውሻ የጎተተ ሁሉ ሣሩ ላይ ይቀመጣል። በ2014 ለፓርክ ፖሊስ ጥበቃ ገንዘብ ካልተከፈለ ተብሎ ዝግጅቱ ሊሰረዝ ተቃርቦ ነበር፤ የከተማው ሰው ፊርማ አሰባስቦ ጮኸ፤ የዚያ ዓመት ዝግጅትም ሳይታጠፍ ቀረ።