ውሃ መጠጣት በልብ ምትና በነርቭ ቁጥጥሩ ላይ ያለው ተጽዕኖ

የአንድ ጤናማ አዋቂ ሰው ልብ በእረፍት ጊዜ በአብዛኛው በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ምቱን የሚቆጣጠረው ከፈቃዳችን ውጭ የሚሠራው የነርቭ ሥርዓት ነው። ሲምፓቴቲክ የተባለው ክፍል ምቱን ያፈጥናል፣ የደም ሥሮችንም ያጠባል፤ ፓራሲምፓቴቲክ የተባለው ደግሞ በቬገስ ነርቭ አማካይነት ምቱን ያዘገያል። ውሃ መጠጣት ሁለቱንም ይነካል።

ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ በአጭር ጊዜ ሲጠጣ ሲምፓቴቲክ ነርቮች ይነቃቃሉ። በዚህ መሠረት ልብ በፍጥነት መምታት ነበረበት፤ በጤናማ ወጣቶች ላይ የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። ቬገስ ነርቭ በአጸፋው ስለሚበረታ ምቱ በጥቂቱ ይቀንሳል፣ የደም ግፊቱም ብዙ አይለወጥም።

ምክንያቱ የደም መጠን መጨመር ይመስላል። ሆኖም ጨዋማነቱ ከደም ጋር የተመጣጠነ ውሃ በተመሳሳይ መጠን ሲጠጣ ውጤቱ እጅግ አነስተኛ ነው። በመሆኑም ተመራማሪዎች መነሻው ውሃው ከአንጀት ወደ ጉበት የሚሄደውን ደም ለጊዜው ማቅጠኑና በአካባቢው ያሉ ነርቮች ይህን መለየታቸው እንደሆነ ያስረዳሉ።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚያሳስበው የነርቭ ቁጥጥራቸው የተዳከመና ከተኙበት ሲነሱ ግፊታቸው የሚወርድ ሕሙማንን ነው። በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ እንዲህ ያሉ ሕሙማን 480 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲጠጡ የላይኛው የደም ግፊታቸው በአማካይ ከ30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ጨምሯል። ለውጡ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይጀምራል፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ ከፍተኛ ደረጃ ይደርሳል። ስለዚህ ሐኪም የፈቀደላቸው ሕሙማን ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ውሃ ጠጥተው፣ ጥቂት ተቀምጠው ቢነሱ ይጠቀማሉ። ጠጥቶ ወዲያው መተኛት ግን ለእነዚሁ ሰዎች አይመከርም፤ በተኙበት ግፊታቸው ከልክ በላይ ሊጨምር ይችላል።

ደም ለመለገስ የሚዘጋጁ ዜጎችም ከመለገሳቸው ጥቂት ቀደም ብለው ግማሽ ሊትር ውሃ ቢጠጡ የማዞርና ራስን የመሳት ዕድላቸው ይቀንሳል።

በተቅማጥ፣ በትውከት ወይም በብርቱ ሙቀት ፈሳሽ ያጣ ሰው ልቡ በፍጥነት የሚመታው በሌላ ምክንያት ነው፤ የደሙ መጠን ስለቀነሰ ልብ ጉድለቱን በፍጥነት ለማካካስ ይሞክራል። በተቅማጥና በትውከት ጊዜ ተመራጩ ኦ.አር.ኤስ. ነው። ጨው ያለበት መሆኑ ከላይ የተገለጸውን የነርቭ ምላሽ ቢያዳክምም፣ በዚህ ጊዜ የሚፈለገው የጠፋውን ፈሳሽና ጨው መተካት ነው።

የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮባቸው የፈሳሽ መጠን የተወሰነላቸው ሰዎች ከታዘዘላቸው በላይ መጠጣት የለባቸውም። በእረፍት ላይ ሳሉ ምታቸው ከ100 በላይ ሆኖ የሚቆይ፣ ራሳቸውን የሳቱ ወይም የደረት ሕመም የሚሰማቸው ሰዎች ውሃ ጠጥተው ለውጡን ሳይጠብቁ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ተቋም በአስቸኳይ ሊሄዱ ይገባል።