የቆየ የናፍጣ መኪና ነዳጅ እንዳያባክን ምን ማድረግ ይገባል?

ከአርሶ አደሩ ማሳ የተነሣ ሽንኩርት፣ ጤፍ ወይም በቆሎ ገበያ የሚደርሰው በአብዛኛው በናፍጣ መኪና ተጭኖ ነው። በገጠርና በከተማ መካከል ከሚመላለሱት ፒክአፖች፣ አይሱዙዎችና ሚኒባሶች ብዙዎቹ ዕድሜ ጠገብ ናቸው። መኪናው ያለ አግባብ የሚያቃጥለው እያንዳንዱ ሊትር ናፍጣ በስተመጨረሻ በጭነት ዋጋ ላይ ይታከላል፤ ከአምራቹ ትርፍ ይቀነሳል ወይም በሸማቹ ኪስ ላይ ያርፋል።

ኢትዮጵያ ናፍጣን ሙሉ በሙሉ የምታስገባው ከውጭ ነው። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ መቀነስ ጀምሯል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ሆኗል። በመሆኑም በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና በአግባቡ ይዞ ማቆየት ለብዙዎች ብቸኛው አማራጭ ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት ነጥቦች መካኒካል የናፍጣ ፓምፕ ያላቸውን የቆዩ ሞተሮች ይመለከታሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ መለካት

ፍጆታውን ያላወቀ ባለንብረት መቆጠቡንም ሆነ መባከኑን ሊያውቅ አይችልም። አለካኩ ቀላል ነው። የነዳጅ ታንከሩን እስከ አፉ ማስሞላትና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብ መጻፍ፤ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከተጓዙ በኋላ እንደገና እስከ አፉ ማስሞላትና የገባውን ሊትር መመዝገብ ነው። ለምሳሌ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ 48 ሊትር የገባለት መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ፈጅቷል፤ በአንድ ሊትር ስምንት ኪሎ ሜትር ከሲሶ ያህል ሄዷል ማለት ነው።

ቆጣሪው የማይሠራ ከሆነ ርቀቱ በሚታወቅ መንገድ መለካት ይቻላል። ጭነቱ፣ መንገዱና የተሞላበት ማደያ በተቻለ መጠን ተመሳሳይ ቢሆኑ ይመረጣል። አንድ ልኬት ብቻውን ሊያሳስት ስለሚችል የሦስት ወይም የአራት ሙሌት አማካይ መውሰድ ይገባል። በስልክ የተፈጸመ የነዳጅ ክፍያ ደረሰኝም ለመዝገቡ ያገለግላል።

ከላይ የተጠቀሰው መኪና በወር 2 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሄድ 240 ሊትር ይፈጃል። አንድ አሥረኛውን መቀነስ ቢቻል በወር 24፣ በዓመት 288 ሊትር ይተርፋል ማለት ነው።

ጭሱ የሚናገረው

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይነሣም። አየር በከፍተኛ ኃይል ታምቆ ሲግል ናፍጣው በላዩ ይረጫል፤ ያን ጊዜ በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ የአየሩ መጠን፣ የናፍጣው አረጫጨትና የሚረጭበት ቅጽበት ከተዛቡ ነዳጁ ሳይቃጠል ይወጣል። ጭሱም ይህንን ያሳያል።

ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ መብዛቱን ያመለክታል፤ መንሥኤው የታፈነ የአየር ማጣሪያ፣ ያረጀ ኖዝል ወይም ከልክ በላይ የተከፈተ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይጠቁማል። ነጭ ጭስ በማለዳ ታይቶ ቢጠፋ ሞተሩ ባለመሞቁ የሚከሰት ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ግን የአረጫጨት ጉድለት፣ የእመቃ መድከም ወይም የራዲያተር ውኃ ወደ ሞተሩ መግባት ሊኖር ስለሚችል ሳይዘገይ መታየት አለበት።

ጥቁር ጭስ የኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች የመደበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

የአየር ማጣሪያ

በጠጠርና በአፈር መንገድ የሚሠራ መኪና በበጋ ወራት ማጣሪያው በአቧራ ቶሎ ይታፈናል። በአስፋልት ለሚሄድ መኪና የተነገረው የመቀየሪያ ጊዜ ለእርሱ አይሠራም፤ በየሳምንቱ ከፍቶ ማየት ይበጃል። የወረቀት ማጣሪያ የሚጸዳው በዝቅተኛ የአየር ግፊት ከውስጥ ወደ ውጭ በመንፋት ነው። በውኃ ማጠብ ያበላሸዋል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ሲታይ ቀዳዳ ካለው ወይም ጎማው ካልገጠመ መቀየር አለበት።

ማጣሪያውን አውጥቶ መንዳት ጉልበት የሚጨምር የሚመስላቸው አሉ። አቧራው ግን ሲሊንደሩንና ፒስተኑን ይሞርዳል፤ የተረፈው ጥቂት ናፍጣ የሞተር እድሳት ዋጋ ያስከፍላል።

ናፍጣውና መንገዱ

ናፍጣ በበርሜልና በጀሪካን ሲቀመጥ ውኃና ዝቃጭ ይይዛል። ውኃው ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይቀመጣል፤ ወደ ፓምፑ ሲደርስ ያዝገዋል። በመሆኑም በርሜሉን ለጥቂት ጊዜ ሳያንቀሳቅሱ አቆይቶ ከላይ መቅዳት፣ የመጨረሻውን ዝቃጭ አለመጠቀምና የማጣሪያውን የውኃ ማፍሰሻ በየጊዜው መክፈት ያስፈልጋል። ይህ ምክር በናፍጣ የሚሠራ የመስኖ ውኃ መሳቢያ ላላቸው አርሶ አደሮችም ያገለግላል።

ከላምባ ጋር የተቀላቀለ ናፍጣ ሌላው አደጋ ነው። ፓምፑና ኖዝሉ የሚለሰልሱት በራሱ በናፍጣው ነው፤ ላምባ ይህን ማለስለሻ ያሳጣቸዋል። በርካሽ የተገዛው ነዳጅ ውድ ዕቃ ይበላል ማለት ነው።

ፍሳሽም መፈተሽ አለበት። መኪናው ያደረበት ቦታ ላይ የናፍጣ ጠብታ ከታየ፣ የቱቦ መጋጠሚያው ከራሰ ወይም በታንከሩ ዙሪያ አቧራ ከተለጠፈ ናፍጣው ሳይሠራ መሬት እየጠጣው ነው።

ኖዝል፣ ፓምፕና ከፍታ

ኖዝል ናፍጣውን እንደ ጉም አድርጎ መርጨት ሲገባው ካንጠባጠበ ፍጆታው ይጨምራል፤ ሞተሩም ያንኳኳል። መፈተሻ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ኖዝሎቹን አውጥቶ ግፊታቸውንና አረጫጨታቸውን ማየት ይችላል። የፓምፑን ቅጽበት ማስተካከልና የባልቦላ ክፍተት መለካትም የባለሙያ ሥራ ነው። ሞተሩ እየሠራ የኖዝል ቱቦ አጠገብ እጅ ማስጠጋት አይገባም፤ በግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ሊገባ ይችላል። ይህ ከደረሰ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ለደጋ አካባቢ ልዩ ነጥብ አለ። የአየር ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በባሕር ዳር ከፍታ አንድ አምስተኛ ያህል፣ በደብረ ብርሃን ደግሞ ከአንድ አራተኛ በላይ ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በከፍታ ላይ የሚያገኘው አየር ስለሚያንስ ለቆላ የተስተካከለ ፓምፕ ናፍጣ ያበዛበታል፤ ውጤቱ ጥቁር ጭስ ነው። ዘወትር በደጋ የሚሠራ መኪና ባለቤት ፓምፑ ለከፍታው እንዲስተካከልለት መጠየቅ ይችላል። በተቃራኒው "ጉልበት እንዲጨምር" ተብሎ ያለ ልክ የሚከፈት ፓምፕ ነዳጅ ከመብላቱም በላይ ሞተሩን ያግላል።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል

ሞተር ሲግል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የተለመደ ነው። ይሁንና ቴርሞስታት የተሠራው ሞተሩ ቶሎ ወደ ሥራ ሙቀቱ እንዲደርስና በዚያው እንዲቆይ ነው፤ ይህም በአብዛኞቹ ሞተሮች ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በብርድ አካባቢ በሚገባ ሳይሞቅ ይሠራል፤ ናፍጣ ያበዛል፤ ዘይቱም ይቆሽሻል። የመጋሉ ምክንያት የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ ቺንጋ ወይም የደከመ የውኃ ፓምፕ ከሆነ እርሱን ማሠራት እንጂ ቴርሞስታቱን መጣል መፍትሔ አይሆንም።

ጎማ፣ ፍሬንና ዘይት

ንፋሱ የጎደለ ጎማ መኪናውን ይይዘዋል። ንፋሱ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ በማለዳ ነው፤ ትክክለኛው መጠን በአሽከርካሪው በር ጠርዝ ወይም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። ለጭነትና ለባዶ ጉዞ የተለያየ መጠን ሊኖረው ስለሚችል ሁለቱንም ማወቅ ይገባል።

የሚይዝ ፍሬንም ሳይታወቅ ነዳጅ ይበላል። መኪናውን በሜዳ ላይ አቁሞ፣ ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ ደግፎ፣ እያንዳንዱን ጎማ በክሪክ አንሥቶ በእጅ ማዞር ነው። በቀላሉ የማይዞር ጎማ ፍሬኑ ወይም ኩሽኔታው መታየት አለበት። ከጉዞ በኋላ አንደኛው ቸርኬ ከሌሎቹ ለይቶ መጋሉም ምልክት ነው። የሞተር ዘይት ደግሞ አምራቹ ባዘዘው ውፍረት መሞላትና በጊዜው መቀየር አለበት፤ የጭስ ማነስን ተስፋ በማድረግ ከታዘዘው በላይ ወፍራም ዘይት መጨመር ሞተሩን ያከብደዋል።

አነዳድና ቁልቁለት

አነዳድን ማስተካከል ምንም ዕቃ ሳያስገዛ የሚጠቅም መንገድ ነው። ፊት ለፊትን አርቆ እያዩ በእኩል ፍጥነት መሄድ፣ ሞተሩ ሳይጮኽ በጊዜው ማርሽ መቀየር፣ ያለ ምክንያት ፍሬን አለመርገጥ ነዳጅ ይቆጥባል። ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲጨመር የአየሩ መቋቋም ከግማሽ በላይ ያድጋል። ባዶ ፖርቶመጋላ ከጣሪያ ላይ ማውረድ፣ ጥቅም የሌለውን ዕቃ ከመኪናው ማራገፍና ተሳፋሪ ሲጠበቅ ሞተር ማጥፋትም እንዲሁ ይጠቅማል።

በቁልቁለት ማርሽ አውጥቶ በፎሌ መውረድ ግን ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይዘቀዝቃል። በእንዲህ ያለ ቦታ ማርሽ የወጣለት መኪና ክብደቱን በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይጥላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ሊከዳ ይችላል። ሞተሩ ከጠፋ የፍሬንና የመሪ ረዳት ኃይልም ይደክማል።

ከሁሉ የሚያስገርመው በፎሌ መውረድ ነዳጅ አለመቆጠቡ ነው። መኪናው በማርሽ ላይ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣና ሞተሩ በጎማዎቹ ኃይል ሲዞር ፓምፑ ናፍጣ መስጠቱን ያቆማል። በፎሌ ግን ሞተሩ ቆሞ እንዳለ መኪና ለመዞር ናፍጣ ይፈልጋል። ስለዚህ በሚይዝ ማርሽ መውረድ ሕይወትንም ነዳጅንም ያተርፋል።

በቅደም ተከተል

በየገበያው የሚቀርቡ በቱቦ ላይ የሚታሰሩ ማግኔቶችና በታንከር ውስጥ የሚጨመሩ "ነዳጅ ቆጣቢ" እንክብሎች የታፈነ ማጣሪያን ወይም የሚያንጠባጥብ ኖዝልን አይጠግኑም። የሚነገርላቸው እውነት መሆኑን ለማየት የሙሌት መዝገቡ በቂ ዳኛ ነው።

ባለንብረቱ በመጀመሪያው ሳምንት ገንዘብ የማይጠይቁትን መለካትን፣ የጎማ ንፋስን፣ ፍሳሽንና አነዳድን ይያዝ። ቀጥሎ የአየርና የናፍጣ ማጣሪያን፣ ዘይትንና ቴርሞስታትን ያሟላ። ኖዝልና ፓምፕ በመጨረሻ፣ ቀላሉ ሁሉ ተሠርቶ ፍጆታው ካልቀነሰ ይታዩ። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላም ታንከሩ ተሞልቶ እንደገና ይለካ፤ ገንዘቡ የት እንደ ገባና ምን እንዳስገኘ የሚታወቀው እንዲህ ሲደረግ ብቻ ነው።