«ቀለጠ»ና «ሟሟ»፤ ስለ አዮን ታሪክና ስለ አማርኛ ስያሜዎች

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በሰኮሩና በጅማ ዙሪያ ባሉት የቡና ከተሞች ቡናን በጨው፣ አንዳንዴም በቅቤ መጠጣት የቆየ ልማድ ነው። በዕለት ንግግር ቅቤውም ጨዉም «ቀለጠ» ቢባል የሚቃወም የለም። ኬሚስትሪን ወደ አማርኛ ለሚመልስ ተርጓሚ ግን በአንዱ ስኒ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተፈጽመዋል፤ ቅቤው ቀልጧል፤ ጨዉ ግን ሟሙቷል።

የአካባቢው የንግድ ታሪክም ይህን ልዩነት ያስረዳል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በግመል፣ ከዚያም በበቅሎና በአህያ እየተጫነ የሚጓዘው አሞሌ በጅማ የሂርማታ ገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። የአሞሌ ጠላቱ ዝናብ እንጂ እሳት አልነበረም። የገበታ ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ለመሟሟት ግን ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃዋል።

ሳይንሱ ራሱ ስለ ጨው የተሟላ ግንዛቤ ያገኘው ቀስ በቀስ ነው። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1834 በፈሳሽ ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ዋልታዎቹ ለሚጓዙት ነገሮች «አዮን» የሚል ስም ሰጠ፤ ቃሉ በግሪክ «ሂያጅ» ማለት ነው። በ1880ዎቹ ስቫንቴ አረኒየስ ጨው በውሃ ሲሟሟ ያለ ኤሌክትሪክ ወደ አዮኖች እንደሚለያይ አስተማረ። በ1913 ደግሞ ሁለቱ ብራጎች፣ አባትና ልጅ፣ በኤክስ ሬይ ባደረጉት ምርምር በደረቁ ጨው ውስጥ እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎሪን፣ እያንዳንዱ ክሎሪንም በስድስት ሶዲየም የተከበበ መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ ውሃው አዮኖቹን አይፈጥራቸውም፤ ተሳስረው የነበሩትን ይለያያቸዋል። ስለዚህም «የጨው ሞለኪውል» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው።

ከዚህ ታሪክ ለስያሜ ሥራ የሚጠቅም ትምህርት እናገኛለን። አማርኛ ለአንዳንዱ ጽንሰ ሐሳብ ከራሱ ጓዳ ቃል አውጥቷል። «ንጥረ ነገር» ቅቤና ወርቅ ከሚነጠሩበት «ነጠረ» የመጣ ነው። «ውህድ» ከ«ተዋሐደ» ወጥቶ ከ«ድብልቅ» በግልጽ ይለያል። «ትስስር»ም የእርስ በርስ ግንኙነትን ስለሚያመለክት ለኬሚካዊው ኃይል ይስማማል። «አቶም»ና «አዮን» ግን እንዳሉ ተወስደዋል፤ ይህም በእኛ አስተያየት ተገቢ ነው። «አቶም»ን በግሪክኛ ፍቺው «የማይከፈል» ብንለው ኖሮ፣ ቶምሰን በ1897 ኤሌክትሮንን ካገኘ ወዲህ ስሙ ሐሰት በሆነ ነበር። «አዮን»ንም «ሂያጅ» ብንለው፣ በአሞሌው ውስጥ ከቦታው ሳይነቃነቅ የተቀመጠውን አዮን ምን ልንለው ነው?

በመሆኑም የባዕዱ ቃል የጥንት ፍቺ በዕውቀት ዕድገት በተሻረ ጊዜ ቃሉን እንዳለ መዋስ ይሻላል እንላለን። የራሳችን ቃላት ልዩነቱን በሚያሳዩበት ቦታ ግን መዋስም ማምታታትም አያስፈልግም። «ቀለጠ» ለሙቀት፣ «ሟሟ» ለውሃና ለመሰሎቹ ይወሰን፤ ከሁለተኛውም «ሟሚ»ና «አሟሚ» በቀላሉ ይወጣሉ። ተርጓሚው ጨው በቡና «ይቀልጣል» ብሎ የጻፈ እንደሆነ፣ ተማሪው ሥራውን የሠራው ሙቀቱ ይመስለዋል፤ ስለ አዮኖች መለያየት የሚነገረውም ምዕራፍ ሳይገባው ያልፋል።