የስም ጠሪው ምስክርነት

በትምህርት ቤቶቻችን አንድን ክፍል በኃላፊነት የሚይዘው መምህር «ስም ጠሪ» ይባላል። ጠዋት የመጣውንና የቀረውን ይለያል፤ በዓመቱ መጨረሻም የየትምህርቱን ውጤት በሮስተር አጠናቅሮ ካርድ ይሞላል። ሁለቱም ምስክርነት ናቸው፤ አንዱ «ልጁ ነበረ»፣ ሌላው «ልጁ ያውቃል» ይላል። ዛሬ ስለ ተማሪዎች መቅረትና ስለ ተጋነነ ውጤት ስንጨነቅ ጉዳዮቹን ለየብቻ እናያቸዋለን። የደሴና የአካባቢዋ የትምህርት ታሪክ የሚያሳየው ግን የአንድ ምስክርነት ሁለት ገጽ መሆናቸውን ነው፤ አንዱ ሲላላ ሌላውም ይላላል።

ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቱ በፊት ወሎ ሁለት ታላላቅ የትምህርት ሥርዓቶች ነበሯት። ከደሴ ቅርብ በሆነችው በቦሩ ሜዳ መምህር አካለ ወልድ ወንበር ዘርግተው ያስተምሩ ነበር፤ ዛሬ በደሴ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስማቸው ይጠራል። ጌታና ጀማ ንጉሥ ደግሞ ደረሳው (ተማሪው) ከሩቅ አገር የሚመጣባቸው የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ነበሩ። በቁርአን ቤት ልጁ የዕለቱን ትምህርት በሉህ (በእንጨት ሰሌዳ) ላይ በቀለም ይጽፋል፣ ያጠናል፣ ለሸኹ በቃሉ ያሰማል። ከተሳካለት ሉሁ ይታጠብና አዲስ ይጻፍበታል፤ ካልተሳካለት ያው ጽሑፍ ይቆየዋል። በቤተ ክርስቲያኑም ዳዊት ያልደገመ ወደ ዜማና ወደ ቅኔ አይሻገርም፤ የቅኔ ተማሪም የቆጠረውን በመምህሩ ፊት ይነግራል፣ ባልንጀሮቹ እየሰሙ ይታረማል። የመቅረት መዝገብ አያስፈልግም ነበር፤ ያልተገኘ ተማሪ የሚያሰማው የለውምና። ነጥብም አልነበረም፤ ሸኹ ወይም መምህሩ «አውቋል» ሲሉ የሚያስይዙት የገዛ ስማቸውን ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህን ምስክርነት ከጆሮ ወደ ወረቀት አሸጋገረው። በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመው የደሴው ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት እንደ ዋለልኝ መኮንን ያሉ የተማሪ ንቅናቄ መሪዎችን ያፈራው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። ወረቀቱን ያስከበረው ግን የውጭ ዓይን ነበር። በ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ፣ በ12ኛ ክፍል ማትሪክ የሚባል ፈተና ይጠብቃል፤ ካርዱ የዋሸ እንደሆነ ማትሪኩ ያጋልጠዋል።

ያ ዓይን ቀስ በቀስ ተጋረደ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በታችኞቹ ክፍሎች ልጆች ሳይወድቁ እንዲዘዋወሩ ፈቀደ፤ ተከታታይ ምዘናንም አመጣ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ መምህሩ በየሳምንቱ የልጁን ድክመት አይቶ እንዲያርም ታስቦ ነው። ተማሪው በሞላበትና መጽሐፍ በሚያጥርበት ክፍል ግን የቡድን ሥራና የቤት ሥራ ነጥብ ማሟያ ወደ መሆን አዘነበለ። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ እስከ መሰረዝ ደረሰ። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በመካከል የነበረው የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ቀረ፤ ከ8ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ጉዞ የሚመሰክረው ካርዱ ብቻ ሆነ። ከዚያ የ2014 ትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በጥቅምት 2015 በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተፈተኑ፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እነዚያ ልጆች ሁሉ ከክፍል ወደ ክፍል የተዛወሩት በትምህርት ቤታቸው ምስክርነት ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች ይነሳሉ። የመጀመሪያው የድሮው ትምህርት ለጥቂቶች ነበር የሚል ነው። እውነት ነው፤ ሴቶች ልጆች እምብዛም አይገኙበትም፣ አቋርጦ የሄደውንም የሚቆጥር አልነበረም። ወደዚያ እንመለስ አልልም፤ ለብዙኃኑ የተከፈተ በር ግን ባዶ ካርድ ማደያ መሆን የለበትም። ሁለተኛው ፈተናው ከበደ የሚል ነው። አንድ ፈተና የልጅን እውቀት ሁሉ አይለካም፤ ሆኖም ከአንድ ሙሉ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ እንኳ ግማሹን ካላገኘ ጥፋቱን በፈተናው ላይ ብቻ ማላከክ አይቻልም። በ2017 አላፊዎቹ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ማለታቸውም ለውጥ እንደሚቻል ያመለክታል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 በጦርነት ተይዘው ከአንድ ወር በላይ ቆይተዋል፤ ሕዝብ ተፈናቅሏል፣ ትምህርት ቤቶችና ወሎ ዩኒቨርሲቲም ጉዳት ደርሶባቸዋል። በዚህ ውስጥ ላለፈ ልጅ ነጥብ መጨመር ርኅራኄ አይደለምን? አይደለም። በሽታው ያልተጻፈለት ሕመምተኛ መድኃኒት አይታዘዝለትም። በመዝገቡ ላይ «ነበረ» የተባለ ልጅ ለምን እንደቀረ የሚጠይቀው የለም፤ ርቦት ይሁን፣ የቀን ሥራ ይዞ ይሁን፣ ተፈናቅሎ ይሁን አይታወቅም። በካርዱ ላይ «አለፈ» የተባለውም ማካካሻ ትምህርት አይሰጠውም። ሐሰተኛው ነጥብ ችግሩን ከመንግሥትና ከኅብረተሰቡ ትከሻ አንስቶ በልጁ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ሸክሙ የሚታወቀውም 12ኛ ክፍል ሲደርስ፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ስለዚህ የእርምጃው መጀመሪያ መዝገቡ እውነት እንዲናገር ማድረግ ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ዝቅተኛ ውጤትና ብዙ ቀሪ ያስመዘገበን መምህር ከመውቀስ ይልቅ እርዳታ ይላኩለት፤ ወላጅም ካርዱን ከማየቱ በፊት የልጁን ደብተር ይግለጥ፣ አስነብቦም ይስማው። ስም ጠሪ ሆይ፣ የቀረውን ቀረ፣ ያላወቀውን አላወቀም ብለህ ጻፍ። ሉሁ የሚታጠበው ከተሰማ በኋላ ነው።