የቀለሃ ነገር

ውጅግራ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ነው፤ በ1874 እ.ኤ.አ. ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ጠመንጃ ነው። ጥይቱ በአገራችን ገበያ ከአሞሌ ጋር እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበርና ሻጭም ገዢም አንዱን ከአንዱ ሳይለይ ይቆጥረው ነበር። ጠመንጃው ግን ይለያል።

ይህን ያወቅሁት ከአያቴ ጠባሳ ነው። በጣሊያን ወረራ (1928-1933 ዓ.ም.) ከየጦር ሜዳው የለቀሙትን ባዶ ቀለሃ ራሳቸው ይሞሉ ነበር። ጥቁሩ ባሩድ ሲያልቅ ከጠላት ጥይት ያወጡትን፣ ጭስ አልባውንና ኃይለኛውን፣ በጥቂቱ እየሰፈሩ ሞሉበት። ሦስቱ በሰላም ተተኮሱ። አራተኛው ቀለሃ ከሌላ ፋብሪካ የወጣ፣ ግድግዳው ወፍራም ነበር፤ ውስጡ ሲጠብ የዚያው ባሩድ ግፊት ይበረታል። መዝጊያው ፊታቸው ላይ ፈነዳ።

«ስፍሩ እኮ ያው ነበር» ይሉኝ ነበር፣ ጉንጫቸውን እየዳበሱ።