መንፈቀ ጥጋብ
በረቂቃን ተሐዋስያን ዕድገት ስሌት ውስጥ ስላለ አንድ ልኬት

ፈረንሳዊው ሊቅ ዣክ ሞኖ፥ አገሩ በጀርመን ሠራዊት ተይዛ በነበረችበት ዘመን፥ በፓሪስ በሶርቦን ቤተ ሙከራ ባክቴሪያዎችን በልዩ ልዩ ስኳር እያሳደገ ፍጥነታቸውን ሲለካ ቆይቶ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1942 ባሳተመው ድርሰቱ፥ በሲሳያቸው መጠንና በዕድገታቸው ፍጥነት መካከል ያለውን ዝምድና በአንዲት አጭር ቀመር ወሰነው። በዚህች ቀመር ውስጥ የሚገኘውን፥ እንግሊዞች «ሃፍ ሳቹሬሽን ኮንስታንት» የሚሉትን ልኬት፥ «መንፈቀ ሌሊት» በምንልበት በግእዙ አገባብ «መንፈቀ ጥጋብ» ብንለው ለአማርኛችን የሚስማማ ይመስለኛል።

ሲሳዩ ጥቂት በሆነ ጊዜ፥ በተጨመረለት ቍጥር ተሐዋሲው በዚያው ልክ እየፈጠነ ይሄዳል፤ ሲሳዩ በበረከተ ጊዜ ግን፥ ስኳሩን የሚያስገባውና የሚያብላላው የሰውነቱ መሣሪያ ሁሉ ሥራ ስለሚይዝ፥ ምንም ቢጨመርለት ከተወሰነለት ፍጥነት አያልፍም። የዚህን የመጨረሻ ፍጥነት እኩሌታ የሚያስገኘው የሲሳይ መጠን መንፈቀ ጥጋብ ነው። ስሌቱም፥ የሲሳዩን መጠን ለሲሳዩና ለመንፈቀ ጥጋቡ ድምር አካፍሎ፥ የደረሰውን በመጨረሻው ፍጥነት ማባዛት ነው። ሞኖ ኢ. ኮላይ ለተባለው የአንጀት ባክቴሪያ በግሉኮስ ያገኘው ልክ በሊትር 4 ሚሊግራም ያህል ነበር፤ እንግዲህ ውኃው በሊትር 4 ሚሊግራም ቢይዝ ፍጥነቱ እኩሌታ፥ 12 ቢይዝ ሦስት አራተኛ፥ 36 ቢይዝ ከዐሥር ዘጠኝ እጅ ይሆናል፤ የቀረችው አንዲት እጅ ግን የቱን ያህል ስኳር ቢፈስላት ፈጽማ አትሞላም።

ጥጋብ የተባለው የፍጥነቱ እንጂ የሆዱ አለመሆኑን ልብ ይሏል። መንፈቀ ጥጋቡ ያነሰ ተሐዋሲም ደካማ ሳይሆን፥ በችግር ዘመን ከጥቂቱ ለቅሞ የሚያድር ብርቱ ነው።

የቀመሩ መልክ ሊቃውንቱ ሚካኤሊስና ሜንተን በ1913 ስለ አንድ ኤንዛይም ካወጡት ጋር አንድ ቢሆንም፥ የእነርሱ ከኤንዛይሙ አሠራር የመነጨ ሲሆን የሞኖ ግን ከመለካት ብቻ የተገኘ ነው፤ ብዙ መቶ ኬሚካዊ ለውጥ በአንድ ጊዜ የሚፈጸምበትን ሕዋስ በሁለት ቍጥር መግለጡም ያስደንቃል፥ ያጠራጥራልም። በእርግጥም ያው ኢ. ኮላይ በስኳር ድኽነት ብዙ ጊዜ ከቈየ በኋላ ሲለካ ከሞኖ ቍጥር እጅግ ያነሰ መንፈቀ ጥጋብ ተገኝቶበታል።

ይህም ሆኖ ልኬቱ ዛሬ የከተማ ፍሳሽ ለሚያጣሩ መሐንዲሶች የዕለት መሣሪያ ነው። በ1987 በወጣው ታላቅ የፍሳሽ ማጣሪያ ስሌት፥ ቈሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ለኦክስጅን ያላቸው መንፈቀ ጥጋብ በሊትር 0.2፥ አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ግን 0.4 ሚሊግራም ተብሎ ተቀምጧል። ኦክስጅኑ ወደ 0.4 ሲወርድ የፊተኞቹ በሁለት ሦስተኛ ፍጥነታቸው ሲሠሩ የኋለኞቹ ወደ እኩሌታ ይወርዳሉ፤ ስለዚህ የአየር መንፊያው ለኤሌክትሪክ ቍጠባ ሲባል በተቀነሰ ጊዜ፥ አስቀድሞ ሳይጣራ ወደ ወንዝ የሚያመልጠው አሞኒያው ነው። አንባቢም እንዲህ ያለ ቍጥር ሲያጋጥመው፥ የየትኛው ተሐዋሲ፥ ለየትኛው ሲሳይ፥ በምን ያህል ሙቀት የተለካ እንደ ሆነ ሳይጠይቅ አይቀበለው።