በኤሌክትሪክ የሚሄደው አውቶሞቢልና ያልተሳካላቸው ሠሪዎቹ

ስለ ኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ሲነገር ነገሩ ትናንት የተፈለሰፈ ጥበብ ይመስለናል። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄደን ስንመረምር ግን ከቤንዚኑ አውቶሞቢል ጋር እኩያ ሆኖ እናገኘዋለን። (የውጭ አገሩን ዘመን በአውሮፓውያን፥ የአገራችንን በራሳችን አቈጣጠር እንጽፋለን።) በ1900 በአሜሪካ ይሠሩ ከነበሩት አውቶሞቢሎች ሲሶ ያህሉ የኤሌክትሪክ ነበሩ። ጭስ አልነበራቸውም፤ ለማስነሣትም ክንድ የሚሰብረውን የእጅ ብረት ማዞር አያስፈልግም ነበር። በ1912 ካዲላክ የቤንዚኑን ሞተር በኤሌክትሪክ ማስነሻ ባስነሣ ጊዜ ግን ይህ ብልጫቸው ቀረ።

በዚህ ሥራ ከደከሙት ሁሉ ስሙ የገነነው ቶማስ ኤዲሰን ነው። ለአውቶሞቢል ያወጣው ባትሪ እየፈሰሰ ስላስቸገረ በ1904 ከገበያ መልሶ፥ እስከ 1910 ድረስ ሲያሻሽለው ቈየ። በ1914 ከሄንሪ ፎርድ ጋር ርካሽ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ሊያወጡ ነው ተብሎ በጋዜጣ ተነገረ። አውቶሞቢሉ ግን ለገበያ ሳይቀርብ ቀረ።

በእኛም አገር ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ ያመጣው አውቶሞቢል የቤንዚን ነበር። የመጣውም በጅቡቲ በኩል ነው። ይህችን የጅቡቲን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

በኋላ ዘመን ደግሞ ሌላ ዓይነት ሠሪዎች ተነሡ፤ እነርሱም በሌላ የእጅ ሥራ ስምና ሀብት ያገኙ ናቸው። በእንግሊዝ አገር ርካሽ ኮምፒዩተር በመሥራት የታወቀው ክላይቭ ሲንክሌር በጥር 1985 ባለ ሦስት እግር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ አወጣ። ከመሬት እጅግ ዝቅ ያለ፥ ጣሪያ የሌለው፥ ዳገት ላይ ሞተሩ ሲደክም ነጂው በእግሩ ፔዳል የሚረግጥበት ነበር። በሐምሌ ዝናብ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ከፊቱ ቡና የጫነ አይሱዙ ጭቃ እየረጨበት፥ ይህን ተሽከርካሪ የሚነዳውን ሰው እስቲ እናስበው! 14,000 ያህል ተሠርቶ 5,000 ያህል ብቻ ስለ ተሸጠ፥ ዓመቱ ሳያልቅ ኩባንያው ከሠረ። የአቧራ መጥረጊያ መኪና ሠሪው ጄምስ ዳይሰንም ከገዛ ኪሱ 500 ሚሊዮን ፓውንድ ካወጣ በኋላ፥ ተሠርቶ ቢሸጥ ወጪውን እንደማይመልስ ዐውቆ በ2019 ሥራውን አቆመ። የስልክ ሠሪው አፕል ደግሞ ዐሥር ዓመት ያህል ደክሞ፥ እንደ ተዘገበው ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ አፍስሶ፥ በየካቲት 2024 ተወው።

ገንዘብም ዕውቀትም ሳያንሳቸው ለምን ወደቁ? እንደ እኛ አስተያየት አውቶሞቢልን እንደ ዕቃ ስለ ቈጠሩት ነው። ስልክ ሲበላሽ በፖስታ ይመለሳል፤ አውቶሞቢል ግን የቆመበት ድረስ ሄዶ የሚያነሣው ሰው፥ መለዋወጫ፥ ጋራዥና በየመንገዱ የሚሞላበት ስፍራ ይፈልጋል። የቻይናው ስልክ ሠሪ ሺያዎሚ አፕል ተስፋ በቈረጠ በወሩ አውቶሞቢሉን ለመሸጥ የቻለው፥ የባትሪ ፋብሪካዎችና የሠለጠኑ የአውቶሞቢል ሠራተኞች በሞሉበት አገር ስለ ተነሣ ነው።

የአገራችንም ሙከራ ይህንኑ ያስረዳል። በ2002 ዓ.ም. ፍሪስታይል የተባለ ኩባንያ ሶላሪስ ኤሌትራ የሚባሉ ሁለት ዓይነት የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች በአዲስ አበባ ሠርቶ፥ ለውጭ አገርም እንደሚሸጥ አስታወቀ። ዋጋቸው 12,000 እና 15,000 ዶላር ያህል ይሆናል ተባለ። ዘመኑ ግን መብራት በፈረቃ የሚታደልበት ዘመን ገና ያልተረሳበት ነበር። በዚያው ዓመት በጥር የተመረቀው የግልገል ጊቤ 2 ዋሻ ከሁለት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ተናደ። አውቶሞቢሉም በገፍ ተሠርቶ በጎዳናዎቻችን ላይ አልታየም። በ2012 ዓ.ም. ማራቶን ሞተር የሂዩንዳይን የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል አዲስ አበባ ላይ ገጣጥሞ አሳየ፤ ይህ መገጣጠም እንጂ መፈልሰፍ አልነበረም፤ ስለዚህም ይመስለናል ወደ ፍጻሜ የደረሰው።

ከዚያም በጥር 2016 ዓ.ም.፥ አፕል ሥራውን ሊተው አንድ ወር ሲቀረው፥ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ሀብታሙ ኩባንያ ያልቻለውን ነገር አገራችን በትእዛዝ ጀመረችው ማለት ነው። ይህ ትእዛዝ የሚፈተነው ግን በቦሌ ጎዳና አይደለም፤ በቡናው አገር ነው።

ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ በኩል እስከ ሚዛን ተፈሪ፥ ዛሬ ከአማን ጋር ሚዛን አማን እስከምትባለው ከተማ፥ 550 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ናፍጣ የጫነው ቦቴ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚያ እስኪደርስ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ያ ሁሉ ወጪ በመጨረሻ የሚታሰበው በቡናው ላይ ነው፤ ነጋዴው የጭነቱን ኪራይ ቀንሶ ነውና ለገበሬው የሚከፍለው። የኤሌክትሪኩ ምንጭ ግን ቅርብ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጊቤ 3 በኦሞ ወንዝ ላይ ነው፤ ኮይሻም ከዚያው በታች ነው። እንግዲህ ከኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ከማንም ይልቅ ሊጠቀም የሚገባው የቤንች፥ የሸካና የካፋ ሰው ነበር።

ሆኖም ባንድ ሙሌት 300 ወይም 400 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል ጅማ ላይ ሳይሞላ ሚዛን አይደርስም። ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ኃይል እያመነጨ ለባትሪው ጥቂት ይመልሳል፤ ዳገቱን ሲወጣ ግን ከመለሰው አብልጦ ይወስዳል። መሙያ ጣቢያ በየከተማው ካልተተከለ መምህሩም ሐኪሙም ይህን አውቶሞቢል አምኖ ቦንጋን አያልፍም። ደግሞም የቴፒ መካኒክ የአይሱዙን ሞተር በሌሊት አውርዶ ሊገጥም ይችል ይሆናል፤ 400 ቮልት የተሸከመውን ባትሪ ግን ሳይማር ቢነካው ይገድለዋል። በየሙያ ትምህርት ቤቱ ይህን ሥራ የሚያስተምር ሰው ከአውቶሞቢሉ ቀድሞ መድረስ ነበረበት ብለን እናምናለን።

በኅዳርና በታኅሣሥ የደረቀውን ቡና ከቴፒ ወደ አዲስ አበባ የሚያወጣው አይሱዙ እስካሁን የሚሄደው ከጅቡቲ በመጣው ናፍጣ ነው።